«የመምረጥና የመመረጥ መብት»፦ ሁለተኛው ቃል ትርፍ ነው እንዴ?

ሆጤ ሰፈር፦ ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ደሴ የአንድ እድር መተዳደሪያ ደንብ እየተየብኩ ነው። «ማንኛውም አባል የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው» የሚል መስመር አለበት። አንድ ሽማግሌ «መመረጥ የሚለውን አውጪው፤ መምረጥ ካለ መመረጥ አይቀርም» አሉኝ። ለጆሮ ማሳመሪያ የገባ ነው ወይስ የራሱ ትርጉም አለው?

ቦርከና፦ መረጠ፣ ተመረጠ። አድራጊና ተደራጊ። ሰኞ ገበያ ወርደሽ በርበሬ ትመርጫለሽ፤ በርበሬው አንቺን አይመርጥም። አለቀ።

ጦሳ ሥር፦ አላለቀም። ሰዋስው ብቻ አይደለም፤ ሴቶች ሁለቱን ቃላት በአንድ ቀን ያላገኙባቸው አገሮች አሉ። ኒውዚላንድን ተመልከቱ። የሴቶች ድምፅ ታጋይዋ ኬት ሼፐርድና ጓደኞቿ 32 ሺህ የሚጠጋ ፊርማ አሰባስበው ፓርላማ አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1893 ሴቶች መምረጥ ቻሉ። ፓርላማ ለመግባት መወዳደር የቻሉት ግን በ1919 ነው። 26 ዓመት ሙሉ መራጭ እንጂ ተመራጭ አልነበሩም።

አሜሪካ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ጃኔት ራንኪን በ1916 ከሞንታና ተመርጣ ኮንግረስ ስትገባ፣ በብዙ ግዛቶች ያሉ ሴቶች እሷን የመሰለ ሰው ለመምረጥ እንኳ ካርድ አልነበራቸውም። በአገር ደረጃ የተፈቀደው በ1920 ነው።

የእንግሊዝ ግን ከሁሉም ይብሳል። በ1918 ሴት ለመምረጥ 30 ዓመት መሙላት ነበረባት፣ በዚያ ላይ የንብረት መስፈርት አለ። ለመመረጥስ? 21 ዓመት ይበቃል። እንግዲህ የ25 ዓመቷ ልጅ መወዳደር ትችላለች፤ ለራሷ ድምፅ መስጠት ግን አትችልም። ይህ የተስተካከለው በ1928 ነው።

ሆጤ ሰፈር፦ ኧረ በአላህ! ራሷን መምረጥ የማትችል እጩ? ጋሼ ጦሳ፣ አንቱ ባይነግሩኝ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ሌላም ጨመሩ፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» አሉኝ። ይሄስ?

የቃል ጓዳ፦ «ያልቃል»ን ልብ በሉ። መጥፋት አይደለም፤ «ክሱ በሽምግልና አለቀ» እንደምንለው ነው። ብታውቅም የመጨረሻው ቃል የወንዱ ነው፤ ጉዳዩ በእሱ በኩል ያልፋል። የሚገርመው፣ ሴት ድምፅ እንዳትሰጥ የሚቃወሙት እንግሊዞችም ይህንኑ ነበር የሚሉት። ባል ድምፅ ከሰጠ ሚስትም ሰጥታለች ማለት ነው፣ ቤቱ አንድ ነው፣ ምን ታደርግበታለች! የእኛ እድርም ከዚህ አይርቅም። ወርሃዊውን መዋጮ እማወራዋ ትከፍላለች፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ስር እሷ ትለፋለች፣ ስብሰባ ላይ እጅ የሚያወጣው አባወራው ነው።

በነገራችን ላይ ለመምረጥ መብት የታገሉት የእንግሊዝ ሴቶች የሚጠሩበት «ሱፍራጄት» የሚለው ስም መጀመሪያ ስድብ ነበር። በ1906 ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ሊያላግጥባቸው ያወጣላቸው ነው። ሴቶቹ ስሙን ተቀብለው ጋዜጣቸውን በእሱ ሰየሙት። የመሪያቸው የኤመሊን ፓንክረስት ልጅ ሲልቪያ ከእነሱ አንዷ ናት። ለዚህ ትግል ስንቴ ታሰረች! አዎ፣ ያችው የኢትዮጵያ ወዳጅ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 አዲስ አበባ አርፋ ቅድስት ሥላሴ ተቀብራለች።

ቦርከና፦ ፈረንጅ ይቆየን። ወሎን እነወርቂትና እነመስታወት አይደሉ እንዴ የገዙት? ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ ያሳለፈችው ወርቂት ናት። በዚያ ሰበብ ቴዎድሮስ ልጇን ገደለባት። ምን መብት ጎደላት?

ጦሳ ሥር፦ ገዛች፤ አልተመረጠችም። መግዛት ሦስተኛ ቃል ነው፣ አታደባልቀው። ያኔ ወንዱንስ ማን መርጦት? በእኛ አቆጣጠር በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝብ፣ ወንድም ሴትም፣ በድምፁ እንዲመርጥ የፈቀደው የ1948ቱ ነው። በመጀመሪያው ምርጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ስንዱ ገብሩ ተመርጣ ፓርላማ ገባች፤ የመጀመሪያዋ ሴት። ለእኛ ሁለቱም ቃላት አንድ ላይ፣ ከላይ ወረዱልን። ለዚህ ይመስለኛል እንደ አንድ ቃል የምንጠራቸው። ሽማግሌውን የሸወዳቸውም ይኸው ነው።

የቃል ጓዳ፦ አሁን ያለው ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 38 ላይ ሁለቱን ለይቶ ነው የጻፈው። አታውጪው። እንዲያውም «ማንኛውም አባል» ላይ ጠጋ በይበት። አባል ተብሎ የተመዘገበው አባወራው ብቻ ከሆነ፣ መስመሩ ሴቶቹን አይነካም። የመብቱን ቃል ትታችሁ አባል ማን ነው የሚለውን ጠይቁ።

ሆጤ ሰፈር፦ መዝገቡን አየሁት፤ አባወራ ብቻ ነው። ሴት ያለችው ባሏ የሞተባት ናት። አንቀጽ 3 ላይ እንዲህ ልጻፍ? «አባወራና እማወራ እያንዳንዳቸው በየስማቸው አባል ናቸው፤ የመምረጥና የመመረጥ መብት አላቸው።»

ቦርከና፦ ከአንድ ቤት ሁለት ድምፅ? እሁድ ስብሰባው ላይ ጉድ ይፈላል።

ጦሳ ሥር፦ ይፍላ። «እያንዳንዳቸው» የሚለውን ብቻ እንዳያስወጡሽ፤ አጥብቀሽ ያዢው።