ኢቤዪዎች ባታውን ከኮምፒውተሩ ጋር እንዴት ነው ያስማሙት?

ቢት በጓዳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ላፕቶፕ ላይ ቢት የምሠራ ልጅ ነኝ። እህቴ ትዘፍናለች፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ። እኔ ከበሮ ቀድቼ ከሥሩ ባስና ሲንት (ያን በማሽን የሚሠራ ድምፅ) አስገባለታለሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከበሮው ሳይጠራ ሰርግ የመጣ ሰው ይመስላል።

ሰሞኑን ኢቤዪን እየደጋገምኩ ነው። ሊሳ ካይንዴና ናኦሚ ዲያዝ፣ ፓሪስ የተወለዱት መንትዮች፣ አባታቸው ኩባዊ የሆነው። ናኦሚ ባታ የሚባለውን የኩባ ከበሮ ትመታለች። በአንድ ዘፈን ውስጥ እንግሊዝኛም ዮሩባም፣ ያን የምዕራብ አፍሪካ ቋንቋ፣ ይዘፍናሉ። ግን ምንም የተለጠፈ ነገር አይሰማህም። «ሪቨር» ላይ የቱ ጋ እጅ እንደመታ፣ የቱ ጋ ማሽን እንደመታ መለየት ያቅተኛል። ሚክሲንጉ ነው? ወይስ እኔ ጆሮ የለኝም? ስድብም እንደ መልስ ይቆጠራል፣ ብቻ አጠር አድርጉት።

ደምስ፦
ኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውንና ዝግ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበውን) ጫንበት፣ ያልቃል።

የደሴቷ ልጅ፦
ወንድሜ፣ የኮምፕሬሰሩን ነገር እነሱ ያውቃሉ፣ እኔ ስለ ከበሮው ላውራህ። በደርግ ጊዜ ወደ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነኝ። ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ የምትባል የኩባ ደሴት ላይ አደግኩ፣ ኋላ ሃቫና ተማርኩ። ባታን ያወቅኩት በዩቲዩብ ሳይሆን በጎረቤት ነው።

ባታ አንድ ከበሮ አይደለም፣ ሦስት ነው። ትልቁ ኢያ፣ መካከለኛው ኢቶቴሌ፣ ትንሹ ኦኮንኮሎ። ወገባቸው ቀጠን ያለ፣ ሁለቱም ጫፋቸው ቆዳ የለበሰ። መቺው ተቀምጦ ጭኑ ላይ ያጋድመውና በግራም በቀኝም ይመታዋል። ሦስት ሰው ስድስት ድምፅ ያወጣል ማለት ነው። ትንሹ አንድ ምት ይዞ ሙጭጭ ይላል። መካከለኛው ይመልስለታል። ትልቁ ደግሞ እንዳሻው ይናገራል፣ እሱ ሲጠራ ሌሎቹ ምቱን ይቀይራሉ። እኛ ሰፈር ኢያ የሚመቱት ሽማግሌ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ግን ትንሿን ቆዳ በግራ እጃቸው ጥፊ ሲያቀምሷት ዘፋኙ ቀና ይላል። ተራው እንደደረሰ ገብቶታል።

አሁን ወደ ልጆቹ ልመልስህ። አባታቸው ሚጌል «አንጋ» ዲያዝ ነው፣ ኢራኬሬ ባንድ ውስጥ የመታ፣ ከቦዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ ሰዎች ጋርም የተቀዳ። አምስት ኮንጋ፣ ያን ረጅሙን የኩባ ከበሮ፣ ደርድሮ ዜማ ያወጣባቸው ነበር! በ2005 እ.ኤ.አ. «ኤቹ ሚንጓ» የሚለውን አልበሙን ሲያወጣ ደግሞ ሸክላ የሚፍቅ ፈረንሳዊ ዲጄ አብሮት አለ። ከበሮና ማሽን እዚያ ቤት ውስጥ ቀድመው ተዋውቀዋል። በዓመቱ አንጋ አረፈ፣ ልጆቹ ገና 11 ዓመታቸው ነበር። ናኦሚ ካሆን፣ ያ ላዩ ላይ ተቀምጠው የሚመቱት የእንጨት ሳጥን፣ መምታት የጀመረችው ያኔ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የተቀደሰውን ባታ በልማዱ ሴት አትመታውም። ያልተቀደሰ ሌላ አለ፣ ለመድረክ የሚሆን። የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ናኦሚን ቢያዩዋት ምን ይሉ ነበር እያልኩ ብቻዬን እስቃለሁ። እጇን ሲሰሙ ግን ዝም የሚሉ ይመስለኛል።

ስለዚህ እህትህ እየዘፈነች ከበሮውን እዚያው ምታላት። ላፕቶፑ ይጠብቅ። የኢቤዪን የ2015 እ.ኤ.አ. አልበም ስማው፣ ድምፅ፣ ፒያኖና ምት ብቻ የሆነበት ቦታ ሞልቷል። ማሽኑ የሚመጣው ከበሮው የማይደርስበት ታች ድረስ ለመውረድ ነው። አንተ መጀመሪያ ቤቱን በማሽን ሞልተህ ከበሮውን ጥግ ፈልግ ትለዋለህ።

ሲንት ዘፒያሳ፦
ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ የእጅ ሥራውን ልጨምር። ፕሮጀክትህን በ4/4፣ በአራት በሚቆጠር ምት፣ ከፍተህ ነው የምትሠራው አይደል? ችክችካ 6/8 ነው፣ በስድስት ይቆጠራል። ከዚያ ደግሞ ኳንታይዝ አድርገህ እያንዳንዱን ምት መስመር ላይ ትቸነክረዋለህ። የመቺው እጅ እኮ ትንሽ ቀደም፣ ትንሽ ዘግየት ይላል። ሙዚቃው ያለው እዚያ ነው። ከበሮውን እንዳለ ተወውና ሲንቱን ከሱ ጋር አስኪድ። ኪኩን፣ ያን ወፍራሙን የማሽን ምት፣ ደግሞ አውጣው። የከበሮው ትልቁ አፍና ኪኩ አንድ ቦታ ላይ እየተጋፉ ነው።

ላቲን ምትና የኛ ዜማ ሲገናኙ ደግሞ አዲስ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» ብሎ አውጥቶታል። ቀረብ ካለው ሮፍናንን ስማ።

ቢት በጓዳ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ 4/4 ነበር 🙈። ኪኩን አወጣሁት፣ እህቴ «አሁን ድምፄ ተሰማኝ» አለች። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ቋንቋዎቹንስ? እኛ አንድ ስንኝ በአማርኛ፣ አንድ ስንኝ በኦሮምኛ እያልን ነው። ትንሽ የዜና ትርጉም መሰለብን።

የደሴቷ ልጅ፦
«ሪቨር»ን እስከ መጨረሻው ስማ። እንግሊዝኛው ጉዳዩን ይነግርሃል። ዮሩባው መጨረሻ ላይ ለኦሹን፣ ለወንዟ እመቤት፣ ዝማሬ ሆኖ ይመጣል። የተባለውን አይደግመውም። በ2017 እ.ኤ.አ. «አሽ» አልበም ላይ ያለው «ሜ ቮይ» ደግሞ ስፓኒሽ ነው፣ እሱ ለጭፈራ ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ሥራ አለው። እህትህ ስትናደድ በየትኛው ነው የምትናገረው? አያታችሁ ሲመርቁስ? ከዚያ ጀምሩ።

ደምስ፦
ጋሼ፣ የኔን ኮምፕሬሰር እንዲህ ያቀልሉት? ለማንኛውም ዘፈኑ ሲያልቅ እዚህ ልጠፈው፣ በነፃ ሚክስ አደርግልሃለሁ። ከበሮውን ግን ለብቻው፣ ኢፌክት ሳትነካበት ላከው።