በአንድ ሰልፍ ላይ ያየኋቸው ሁለት ተመሳሳይ ስሞች፦ ስለ ግሪክ ማርክሲስት ሌኒኒስቶች

ጠያቂ (የኪፕሴሊ ነዋሪ)፦

ጤና ይስጥልኝ። አቴንስ መኖር ከጀመርሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። የ1973ቱን የፖሊቴክኒክ ተማሪዎች ዐመፅ ለማሰብ በየዓመቱ ኖቬምበር 17 የሚደረገውን ሰልፍ መንገድ ዳር ቆሜ አያለሁ። በደም የተነከረው ባንዲራ ከፊት ይቀድማል፤ ከዚያ ድርጅቶቹ በየተራ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ያቀናሉ። ባለፈው ጊዜ ሁለት ቀይ መፈክሮች ግራ አጋቡኝ። ማጭድና መዶሻቸው አንድ፣ ፊደላቸውም አንድ ሲሆን፣ አንደኛው «ኩኩዔ (ሙ-ሉ)»፣ ሌላው ደግሞ «ሙ-ሉ ኩኩዔ» ተብሎ ይነበባል። «ኩኩዔ» የግሪክ ኮሚኒስት ፓርቲ ምኅጻረ ስም፣ «ሙ-ሉ» ደግሞ የማርክሲስትና የሌኒኒስት መነሻ ፊደላት መሆናቸውን አውቃለሁ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ልዩነቱን ብጠይቃቸው ሣቁና ትከሻቸውን ሰበቁ። ታሪኩን የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የታሪክ አንባቢ፦

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሽማግሌው ቢሥቁ አይፈረድባቸውም፤ ነገሩ ግን የፊደል ቅደም ተከተል ጠብ አይደለም። ብዙ ሰው እነዚህን ድርጅቶች «ማኦይስት»፣ ማለትም የቻይናው መሪ የማኦ ተከታዮች፣ ብሎ ከቤጂንግ እንደመጡ ይቈጥራቸዋል። እኔ ግን ሥረ መሠረታቸው ያለው ታሽከንት ነው ባይ ነኝ።

በግሪክ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ፣ በኦገስት 1949፣ የኮሚኒስቶቹ ሠራዊት በቪትሲና በግራሞስ ተራሮች ሲሸነፍ፣ ወደ አልባኒያ ከተሻገሩት ተዋጊዎች 12,000 ያህሉ በኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ በታሽከንት እንዲሰፍሩ ተደረገ። በ14 መንደሮች ተከፋፍለው እየኖሩ ፋብሪካ ገብተው ይሠሩ ነበር። ስታሊን በ1953 ሲሞቱ የሞስኮ ነፋስ ተለወጠ፤ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ኒኮስ ዛካሪያዲስም ለአዲሶቹ የሶቪየት መሪዎች የማይመቹ ሰው ሆኑ። በሴፕቴምበር 1955 የእሳቸው ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች እዚያው ታሽከንት ውስጥ ተደባደቡ፤ ትናንት በአንድ ምሽግ ያደሩ ሰዎች ዱላ ተማዘዙ። በማርች 1956፣ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ ስታሊንን ባወገዙበት ጉባኤ ማግሥት ማለት ይቻላል፣ የስድስት አገሮች ወንድም ፓርቲዎች ያቋቋሙት ኮሚቴ የግሪኩን ፓርቲ ስድስተኛ ምልዓተ ጉባኤ ሩማንያ ላይ ጠርቶ ዛካሪያዲስን ከሥልጣን አወረደ። ውሳኔው የገዛ አባሎቻቸው ሳይሆን የውጭ ሰዎች ነበር፤ ደጋፊዎቻቸውን እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸውም ይኸው ነው። ዛካሪያዲስ በ1957 ከፓርቲው ተባረሩ፤ ሳይቤሪያ ውስጥ በሱርጉት በግዞት እንዳሉ በ1973 ሞቱ።

በግሪክ ምድር ደግሞ ፓርቲው ከ1947 ጀምሮ የታገደ ስለነበረ፣ ግራዎቹ የሚንቀሳቀሱት «ኤዳ» በተባለው ሕጋዊ ድርጅት ጥላ ሥር ነበር። በ1958 የኅቡዕ ሕዋሳቱ ፈርሰው አባላቱ ወደ ኤዳ እንዲገቡ ሲወሰን፣ ከእስርና ከግዞት ደሴቶች የተመለሱ አንዳንድ ነባር ታጋዮች ይህን እንደ ሁለተኛ ክሕደት ቈጠሩት። ያኒስ ሆንዜያስና ኢሳክ ዮርዳኒዲስን የመሳሰሉት በ1964 «አናጌኒሲ» ወይም «ዳግም ልደት» የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመሩ፤ በዙሪያውም «ኦምሌ» በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የግሪክ ማርክሲስት ሌኒኒስቶች ድርጅት ተሰባሰበ። ሁለቱ የጠየቁባቸው ፓርቲዎች በ1976 ከዚህ ድርጅት መሰንጠቅ የወጡ ናቸው።

ከቴሳሎኒኪ፦

የታሽከንቱን ታሪክ አልክድም፤ ነገር ግን መላሹ ቻይናን በጣም አሳንሰዋታል። የሞስኮና የቤጂንግ ጠብ በይፋ ባይፈነዳ ኖሮ፣ ይህ ቅሬታ የስደተኛ አዛውንቶች ማጉረምረም ሆኖ ይቀር ነበር። «ኢስቶሪኬስ ኤክዶሲስ» የተባለው ማተሚያ ቤት የማኦን ጽሑፎች በግሪክኛ ማቅረብ የጀመረው በዚያው ወቅት ነው። ከ1967 እስከ 1974 በቆየው ወታደራዊ አገዛዝ ጊዜ ወደ ድርጅቱ የተሳቡት፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የኦምሌ የተማሪዎች ክንፍ በሆነው በ«ፕፕስፕ» ስም የሚከራከሩት ወጣቶች ዛካሪያዲስን በዐይናቸው አላዩም፤ የቻይናን የባህል አብዮት ወሬ ግን ይከታተሉ ነበር። የተሰነጠቁበትም ዓመት ማኦ የሞቱበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። «አንጃ» የሚለውን ቃል ከገዛ አገራችን የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ ለምናውቀው ለእኛ፣ የቻይና መጻሕፍት የአንድን ትውልድ ክርክር እንዴት እንደሚያግሉት ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የታሪክ አንባቢ፦

ስለ ተማሪዎቹ ያሉት ትክክል ነው፤ እርማቱን እቀበላለሁ። ሆኖም የእነዚህ ፓርቲዎች ሥረ መሠረት ቤጂንግ ብትሆን ኖሮ፣ ከማኦ በኋላ ዴንግ ሥልጣን ከያዙና ቻይና ፊቷን ወደ ገበያ ካዞረች በኋላ ሁለቱም በደረቁ ነበር። ሁለቱም ግን ቀጠሉ። እርስዎ የሚሉት ዓይነት የወጣቶች ልጅ ይበልጥ «ኤኬኬ» ነው፤ በ1970 በምዕራብ በርሊን በሚኖሩ ግሪኮች የተመሠረተ ሌላ ድርጅት ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀል። በ1968፣ የቼኮዝሎቫኪያ የለውጥ ንቅናቄ በነበረው በፕራግ ጸደይ ዘመን፣ ከዋናው ፓርቲ ተገንጥሎ የወጣው «የውስጥ» የተባለው ኮሚኒስት ፓርቲ ደግሞ ጭራሽ በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደ ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። የዛካሪያዲስ ዐፅም በ1991 መጨረሻ ወደ አቴንስ ተመልሶ ተቀበረ፤ በ2011 ደግሞ ያባረራቸው ዋናው ፓርቲ ራሱ ስማቸውን አደሰ። የእነዚህ ትንንሾች የመጀመሪያ ክስ በዚህ የተዘጋ ይመስል ነበር፤ እነሱ ግን ወደ እናት ፓርቲው አልተመለሱም። ለእነሱ ከስሙ መታደስ በኋላም ፓርቲው ያው «ክለሳ»፣ ማለትም ከማርክስና ከሌኒን ትምህርት ማፈንገጥ፣ የተጠናወተው ነው።

ጠያቂ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ይህን ያህል ከተቀራረቡ አንድ ላይ ለምርጫ ቀርበው አያውቁም?

ከቴሳሎኒኪ፦

ቀርበዋል እንጂ። በ2012 እና በ2015 ምርጫዎች በጋራ ዝርዝር ተወዳድረዋል። ያገኙት ድምፅ ግን ከመቶ 1 እንኳ አልሞላም፤ ፓርላማ ለመግባት ደግሞ ከመቶ 3 ያስፈልጋል። ያም ሆኖ አልተዋሐዱም። ፓርቲዎቹን መለየት ከፈለጉ መፈክሩን ትተው፣ ከሰልፉ ጎን ጋዜጣ የሚያዞረውን ልጅ እጅ ይመልከቱ፦ «ፕሮሌታሪያኪ ሲሜያ» ከያዘ፣ ሙ-ሉ በቅንፍ ውስጥ ከሆነው ወገን ነው፤ «ላይኮስ ድሮሞስ» ከሆነ ደግሞ ሙ-ሉን ከፊት ካስቀደመው።