«ጠብቂ» የተባልንበትን ጊዜ ለፖሊሲ አውጪዎች እንዴት እናስረዳ? ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የተሰጠን

ማለዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አለው፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር። ይህን ስም የሰማሁት ግን የዛሬ አምስት ወር ነው። ስድስት ወሩ ላይ አንገቱ አልጸና ሲል ለሐኪም ተናገርኩ። «ወንዶች ይዘገያሉ፣ ጠብቂ» ተባልኩ። ዓመት ሞልቶት አልቀመጥ ሲልም «ጠብቂ»። ዓመት ተኩሉ ላይ ሌላ ባለሙያ ሪፈር ጻፈልኝ፣ ከዚያ ደግሞ ወረፋው ዘጠኝ ወር ፈጀ። ውጤቱን ሲነግሩኝ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ፊዚዮቴራፒስቷ እንዴት እንደምይዘው፣ እንዴት እንደማስቀምጠው፣ ስመግበው ጀርባውን እንዴት እንደምደግፍ ባሳየችኝ ቀን ነው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። ያቺን አንድ ሰዓት ግን ለሐኪም ከተናገርኩ ጀምሮ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ነው የጠበቅናት።

አሁን አሥራ አንድ ወላጆች ተሰባስበን የሕፃናት ፖሊሲ የሚያረቅ ኮሚቴ ዘንድ ቀጠሮ አግኝተናል። ችግሩ የምንለው በዝቷል። አንዱ ማዕከል ይሠራ ይላል፣ አንዷ ዊልቸር፣ ሌላው የሠለጠነ መምህር፣ ሌላዋ ልጇን ለመንከባከብ ሥራ የለቀቀች እናት የምትደገፍበት መንገድ። ሁሉም እውነት ነው። ልጆቻችንን ይዘን እንግባ የሚሉም አሉ፣ «ካላዩ አይገባቸውም» ብለው። እንዲህ ዓይነት ውትወታ ውስጥ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ፣ ምን ይዘን እንግባ?

የሦስት ልጆች አባት፦

እህቴ፣ አይዞሽ። እኛም ከስድስት ዓመት በፊት አሥራ አራት ጥያቄ ይዘን ገብተን ነበር። በደንብ ሰሙን። አንደኛው ሰውዬ እንዲያውም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወጣን፣ አለቀ። አሥራ አራት ጥያቄ የያዘ ሰው «እናየዋለን» ተብሎ ነው የሚሸኘው፣ የትኛውን እንደከለከሉት እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል።

የእኔ ምክር፣ ቀን ጠይቁ። ሕንፃ ሳይሆን ቀን። ወላጅ «ልጄ ያሳስበኛል» ካለበት ዕለት ጀምሮ ልጁ ታይቶ የድጋፍ ዕቅድ እስኪወጣለት ድረስ ቢበዛ ስንት ቀን? የአሜሪካንን ሕግ ላንሣልሽ። እ.ኤ.አ. በ1975 የአካል ጉዳተኛ ልጆችን የመማር መብት በሕግ አጸደቁ፣ ጨቅላዎቹ ግን ከሕጉ ውጭ ቀሩ። በ1986 ነው ሕጉ ተሻሽሎ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉት የሚሆን ፕሮግራም የተጨመረበት። እዚያ ውስጥ ልቤን የወሰደው 45 ቀን የሚለው ነገር ነው። ልጁ ወደ ፕሮግራሙ ከተመራ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ተገምግሞ፣ ከቤተሰቡ ጋር የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ መካሄድ አለበት። ወላጅ ራሱ ማመልከት ይችላል፣ የሚጽፍለት ሐኪም አያስፈልገውም። የበሽታ ስም እስኪገኝም አይጠበቅም፣ የእድገት መዘግየት መኖሩ ይበቃል። ዕቅዱም የቤተሰቡ ጭምር ነው። ቀን ካለ መዘግየት ይቆጠራል። ቀን ከሌለ ዘጠኝ ወርም ያው «ወረፋ» ነው የሚባለው።

ደግሞ የራሳችሁን ቀናት ይዛችሁ ግቡ። አሥራ አንዳችሁም ሦስት ሦስት ቀን ጻፉ፦ መጀመሪያ ያሳሰባችሁን ቀን፣ ለባለሙያ የተናገራችሁበትን፣ የመጀመሪያው እርዳታ የተገኘበትን። በአንድ ገጽ ይግባ። ዩኒሴፍ በ2021 በዓለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ አካል ጉዳተኛ ልጆች እንዳሉ አስታውቋል፣ እሱንም አንድ ጊዜ ጥቀሱት። ግን በ240 ሚሊዮን ማንም እንቅልፍ አያጣም። ከፊቱ የተቀመጠች እናት የጠበቀችው 640 ቀን ግን አብሮት ቤቱ ይገባል።

ከሕክምናው በኩል፦

የሕፃናት ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ማለዳ፣ የጻፍሽው አሳመመኝ፣ ምክንያቱም ብዙ እናቶች እንዲሁ ዘግይተው ነው እኔ ጋ የሚደርሱት። ሴሬብራል ፓልሲን ዛሬ ስድስት ወር ሳይሞላ መለየት የሚቻልበት ሁኔታ ብዙ ነው። የአንጎል እድገት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጣም ፈጣን ስለሆነ በጊዜ የተጀመረ ድጋፍ ዋጋው ሌላ ነው።

ግን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ «ጠብቂ» የሚለው ባለሙያ ሁሉ ግዴለሽ አይደለም። ብዙው የሚልክበት ቦታ ስለሌለው ነው። ልጁን ለይቶ «ችግር አለበት» ብሎ ወላጅን በባዶ እጅ መስደድ ደግሞ ሌላ ጭካኔ ነው። ስለዚህ ልየታ ብቻ ጠይቃችሁ እንዳትወጡ። ለመስማት ችግር የሚሠራበት ሦስት ቁጥር ያለው መርሕ አለ፣ በጣም የምወደው፦ በ1 ወር ልየታ፣ በ3 ወር የምርመራ ውጤት፣ በ6 ወር ድጋፍ። አያችሁ፣ ቁጥሩ ልየታው ላይ አይቆምም። እናንተም እንደዚያ አድርጋችሁ ጠይቁ።

ሌላው፣ እባካችሁ «በጊዜ ከተጀመረ ይድናሉ» አትበሉ። ሴሬብራል ፓልሲ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው። ድጋፍ የሚሰጠው ልጁ እንዲቀመጥ፣ እንዲጫወት፣ የሚፈልገውን እንዲናገር ወይም በሆነ መንገድ እንዲገልጽ፣ መገጣጠሚያው ደርቆ እንዳይቀርበት፣ እናትም ወገቧ እንዳይጎዳ ነው። ይድናል ብላችሁ በጀት ካስፈቀዳችሁ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ «ያው አልዳኑም» ተብሎ ይቆረጣል።

እጆቼ ይናገራሉ፦

መስማት የተሳነኝ ነኝ፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ልጆቹን ይዛችሁ ግቡ የሚለውን በሙሉ ልቤ እቃወማለሁ። እኔን በአምስት ዓመቴ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ አቁመውኛል። ሰዎች በርኅራኄ ሲያዩኝ፣ እናቴ ስታለቅስ፣ ምን እንደተባለ ማንም በምልክት አልነገረኝም። ያኔ የምልክት ቋንቋ ገና አልጀመርኩም ነበር። የጀመርኩት በሰባት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ቋንቋ የሚባል ነገር አልነበረኝም፣ በጥቆማ ነበር የምግባባው። ስለዚህ በጊዜ መጀመር ለሚባለው ነገር ከማንም በላይ ነው የምሟገተው። ግን ለእኔ በጊዜ መጀመር ማለት የመስሚያ መሣሪያ ብቻ አይደለም፣ ከጨቅላነት ጀምሮ የምልክት ቋንቋ ማግኘት ነው፣ ለወላጆችም ጭምር።

በልጆቹ ፋንታ አንድ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን አዋቂ ሰው ይዛችሁ ግቡ። ጎን ተቀምጦ ይናገር። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 4 መንግሥታት ፖሊሲ ሲያወጡ አካል ጉዳተኞችን፣ ልጆችንም ጨምሮ፣ በማኅበሮቻቸው በኩል ማማከር አለባቸው ይላል። አንቀጽ 25 ደግሞ በጊዜ መለየትንና ድጋፍ መስጠትን በቀጥታ ያነሳል፣ አንቀጽ 26 በተቻለ መጠን በመጀመሪያው ደረጃ ይጀመር ይላል። ስምምነቱን የፈረመ መንግሥት ፊት ከሆናችሁ ልመና አይደለም የያዛችሁት። ፊርማውን ነው የምታስታውሱት። «ሸክም እንዳይሆኑ» የምትል አነጋገር ወረቀታችሁ ላይ ካለች ደግሞ አውጧት። ልጆቹ አንድ ቀን ያነቡታል።

የውስጥ አዋቂ፦

በመንግሥት በጀት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አጭር ነገር ልበል። ጤናው «የትምህርት ነው» ይላል፣ ትምህርቱ «ገና ትምህርት ቤት አልገባም» ይላል፣ ማኅበራዊው «ምርመራ ያምጡ» ይላል። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በሦስቱ መሃል ነው የሚወድቀው። ከቀኑ ጋር አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ቀኑ ሲያልፍ የሚጠየቀው ማን ነው? የአንድ መሥሪያ ቤት ስም እስኪጻፍ ከክፍሉ አትውጡ።

የስድስት ዓመት ልጅ እናት፦

ሁላችሁም ትክክል ናችሁ። ግን የእኔ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁሌ «ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከሦስት ዓመት በፊት» ሲባል ስሰማ ልቤ ይሰበራል። አመለጣት ማለት ነው? ልጄ በዚህ ዓመት ነው ስሟን ስትጠራ የሰማሁት።

ከሕክምናው በኩል፦

እህቴ፣ አላመለጣትም። መማር በሦስት ዓመት አይዘጋም፣ ይኸው ራስሽ አይተሻል። ማለዳ፣ ይህን ወረቀታችሁ ላይ አስገቡት፦ «በጊዜ ይጀመር፣ ዘግይቶ የመጣም አይመለስ»።

ማለዳ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳነበው ነው ያደርኩት።

ልጆቹን ይዘን አንገባም። «እጆቼ ይናገራሉ»፣ የጻፍሽውን ለቡድኑ አነበብኩላቸው፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት የሕግ ባለሙያ አግኝተናል፣ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ደቂቃዎች እሷ ትናገራለች። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ «ወላጅ ካመለከተበት ዕለት ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ይታይ፣ ቤተሰቡም የመጀመሪያውን ድጋፍ ይጀምር፣ ዕድሜው ከፍ ያለም አይመለስ፣ ይህ ካልሆነ የሚጠየቀው መሥሪያ ቤት በስም ይጻፍ።» ዊልቸሩም፣ መምህሩም፣ የእናቶቹም ጉዳይ በሁለተኛው ገጽ ሰፍሯል። እሱን ትተንላቸው እንወጣለን።

የቀናቱን ገጽም ጀምረናል። እስካሁን የዘጠኝ ልጆች ሞልቷል። አንዷ እናት መጀመሪያ የተናገረችበትን ቀን ማስታወስ አቅቷት ነበር፣ ትናንት የልጇን የክትባት ካርድ ስታገላብጥ ጠርዙ ላይ ነርሷ በእስክሪብቶ «እናት ስለ እይታው ትጠይቃለች» ብላ ጽፋ ከነቀኑ አገኘችው። አራት ወሩ ላይ ነበር። ካርዱን ኮፒ አድርገን እናያይዘዋለን።