ለጎርፍ ጽዳት ቀብድ ይከልከል?

ነገር ፈላጊ፦ ትናንት ስለ ቴክሳሱ ሕግ ሲወራ ባለመዶሻው «ቀብድ የማይሰጥ ደንበኛ እምነት የለውም» ብሎ ጽፎ ሄደ። ሌሊቱን ሳብሰለስለው አደርኩ። ሳሎኑ ውሃ የሞላበት ሰው ነው ደግሞ እምነት የሚጠየቀው? ሕጉ ያለው እኮ ግልጽ ነው፦ የተፈጥሮ አደጋ በታወጀበት ቦታ ፍርስራሽ ልታነሳም ሆነ ቤት ልትጠግን ከመጣህ፣ ሥራ ሳትጀምር ገንዘብ አትጠይቅ።

ባለመዶሻው፦ ሳልጀምር የጭነት መኪናውን በምን ልከራየው? በምርቃት? የቀን ሠራተኛ ማታ ላይ እጁን ይዘረጋል፤ ኢንሹራንሱ እስኪከፍል አይጠብቅህም።

ሰናይት፦ አንተ ደግሞ ሕጉን አንብበው። ከጀመርክ በኋላ ከሠራኸውና ካቀረብከው ዕቃ ጋር የሚመጣጠን መቀበል ትችላለህ።

ባለመዶሻው፦ «የሚመጣጠን» ስንት ነው? ካሊፎርኒያ ለቤት እድሳት ቢያንስ ቁጥር አስቀምጣለች፤ ከ10 በመቶና ከ1,000 ዶላር ካነሰው አይበልጥም። ልኬን አውቄ እገባለሁ።

ነገር ፈላጊ፦ አሃ፣ እምነት በ1,000 ዶላር ይገዛል ማለት ነው!

ቀብድ የበሉብኝ፦ እናንተ ትቀልዳላችሁ። ቴክሳስን ከመታው ከሃርቪ አውሎ ነፋስ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 2017፣ ለአንዱ ግማሹን ከፈልኩ። የራሰውን ምንጣፍ ደጅ አውጥቶ ጣለና ያው ጠፋ። ግድግዳው በሳምንቱ ሻገተ። ሕጉ ለካ ከ2011 ጀምሮ ነበር! ውሉ ላይ በደማቅ ፊደል መጻፍ አለበት አሉኝ በኋላ። የቱ ውል? አንድ ገጽ ደረሰኝ ነው የሰጠኝ።

ሰናይት፦ ይኸው። ሕጉ ሳይሆን የጎደለው የሚነግርህ ሰው ነው።

ባለመዶሻው፦ ሌባውማ ሕግ ቢኖርም ይሰርቃል። የሚታሰረው ደህናው ነው።

ሰናይት፦ ቆይ ቆይ። በዚያው ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ በለው) ወይም በአጎራባቹ አንድ ዓመት የሥራ አድራሻ የነበረው ሰው ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። አንተ ስንት ዓመትህ ነው እዚህ?

ባለመዶሻው፦ ዘጠኝ።

ነገር ፈላጊ፦ 😂😂 ታዲያ ምን አንጫጫህ?

ባለመዶሻው፦ ከሌላ ስቴት ለሚመጣው ነው የምጮኸው። ትልቅ ማዕበል ሲመታ ያገሬው ሠራተኛ አይበቃም። መጤው ካልመጣ ቤትህ እስከ ገና ይሻግታል፤ ያኔ ሕጉን ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለህ።

ቀብድ የበሉብኝ፦ የኔው ሰውዬም መጤ ነበር።

ነገር ፈላጊ፦ «እምነት» ያልካትን ግን አሁንም አልመለስክልኝም።

ባለመዶሻው፦ ባለፈው ዓመት ያለ ቀብድ፣ በእምነት የሠራሁልህን አጥር ቀሪ ሂሳብ መጀመሪያ ክፈለኝና እመልስልሃለሁ።

ነገር ፈላጊ፦ እሱና ይሄ ምን አገናኘው? አጥሩ እኮ ዘሟል!

ሰናይት፦ ፎቶ አምጡ።