የልጆች ቆረቆርና ጭርት፦ የቱን ቅባት፣ የቱን ኪኒን፣ የት?

መድኃኒት ቤት ስለምሠራ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት በብዛት የምሰማው ጥያቄ «ለልጄ ራስ የሚሆን ጥሩ ቅባት አለ?» የሚለው ነው። የለም። የራስ ቆረቆር በቅባት አይድንም። የሚያመጣው ፈንገስ ጸጉሩ ሥር ስለሚገባ ከላይ የተቀባው አይደርስበትም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው።

ቅባት የሚሠራው ለገላ ጭርት ነው፤ ማለትም ክብ ሆኖ ጠርዙ ለሚላላጠው፣ መሃሉ ለሚጠራው። ክሎትሪማዞልና ማይኮናዞል ለእኔ አንድ ናቸው፤ የረከሰውን ግዙና በቀን ሁለቴ ቀቡ፣ ቆዳው ከጠራ በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀጥሉ። ዊትፊልድ የሚባለው ቅባትም ይሠራል፣ ግን ስለሚለበልብ ለፊትና ለብሽሽት አልመክረውም። ቱቦው ላይ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለ መልሱት፤ ስቴሮይድ ናቸው፣ ፈንገስ አይገድሉም። ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግስ ብዙ እናቶች ይወዱታል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል፣ ኋላ ሐኪሙም ለመለየት ይቸገራል።

ወደ ራስ ልመለስ። ሁለት ምርጫ አለ። ግሪሲዮፉልቪን የቆየው ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ስብ ካለው ምግብ ጋር ካልተዋጠ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ስለዚህ ከወተት ወይም ቅቤ ከተቀባ ዳቦ ጋር ስጡ፣ በጾም የለውዝ ቅቤም ይሆናል። ተርቢናፊን ብዙ ጊዜ 4 ሳምንት ይበቃዋል፤ ክብደቱ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ለሆነ ልጅ የ250 ሚሊግራሙ ኪኒን ግማሽ በቀን አንዴ ነው። እኛ አገር በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው የፈንገስ ዓይነት ስለሆነ፣ ምርጫው ለእኔ ቢሆን ተርቢናፊንን እወስዳለሁ። ከድመት ወይም ከውሻ የተያዘ ከሆነ ግን ግሪሲዮፉልቪን ይሻላል። ሁለቱም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመሩ፤ ልጁ መመዘን አለበት። የኬቶኮናዞል ኪኒንን እርሱት፣ ጉበት ይጎዳል። ሻምፖው ግን ጥሩ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ አረፋውን አምስት ደቂቃ አቆይቶ ማጠብ፣ ወንድምና እህቶችንም ጭምር። ብቻውን አያድንም፣ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ያግዛል እንጂ።

የት? ቀላሉን ጤና ጣቢያ ይጨርሰዋል። ካልሆነ ሪፈር አጽፋችሁ አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታል፣ ወሎ ያላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሂዱ። የግል ክሊኒክ ከመረጣችሁ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት «ቅርፊቱን ፍቃችሁ በማይክሮስኮፕ ታያላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፎረፎር የሚመስል ቅርፊት መሃል ጥቁር ነጥብ የመሰለ ከሥሩ የተሰበረ ጸጉር ካያችሁ ቆረቆር መሆኑ አይቀርም። መድኃኒቱን ለመግዛት መጀመሪያ የከነማን ወይም የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤት ጠይቁ።

ራሱ ላይ አብጦ፣ ለስልሶ፣ መግል የሚያወጣ ነገር ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ አታፍርጡትም። ከዘገየ ጸጉሩ እዚያ ቦታ ላይመለስ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት፣ እንዶድና የቁልቋል ወተትም ይቅርባችሁ፤ የልጅ ቆዳ ያቃጥላሉ።

ጸጉር ቤት ስትወስዱት የራሱን ማሽን ወይም የማሽኑን ጥርስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማበጠሪያና ሻሽም አያዋሱት። መድኃኒት ከጀመረ ትምህርት ቤት መቅረት የለበትም፤ መምህሯ ካስቸገረች የሐኪሙን ወረቀት አሳዩ። ሐዋሳና ጎንደር ጥሩ የቆዳ ሐኪም የምታውቁ ከታች ጨምሩበት።