የወታደር ልጆቻችን ፈቃድና የቤተሰብ ጥየቃ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርስ

የማህበሩ ጸሐፊ፣ ከዚራ

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም። እሑድ እኛ የድሬዳዋ የወታደር ቤተሰቦች ለገሃሬ ተሰብስበን ብዙ ሰው ሳይናገር ተበትነናል። ለመከላከያ ሚኒስቴር ስለምንጽፈው ደብዳቤ እዚህ በደንብ እንነጋገርና ከረቂቁ ጋር እንውጣ።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። የቀን ብዛት አንጠይቅ። ያለው ፈቃድ ልጁን እውነት ቤቱ የሚያደርሰው ይሁን። ከድሬ አዲስ አበባ ብቻ በመኪና 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁመራ ያለ ልጅ እንበል። ጎንደር ይገባል፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፣ ከዚያ ገና ወደኛ ይመጣል። የሕዝብ መኪና ሌሊት ስለማይነዳ በየከተማው ያድራል። መንገድ ከተዘጋማ ቁጭ ነው። ሲመለስም ያው። እናቱን አቅፎ ሳይጠግብ ሻንጣውን ያነሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይህ ይሁን፦ የጉዞ ቀን ከፈቃድ ቀን ላይ አይቆረጥ።

አደራ ልበላችሁ። የልጃችሁን ክፍል፣ ያለበትን ቦታ፣ የአዛዡን ስም እዚህ አትጻፉ። ሁመራ ያልኩት ለምሳሌ ነው።

አባት፣ ሳቢያን

እኔ በብሔራዊ ውትድርና የተጠራሁ ሰው ነኝ። አዋጅ 236/1975። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ሁሉ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ይላል። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ግን ወደ ቤትህ ሂድ ያለኝ የለም። እንደኔ እስከ 1983 የቆየ ብዙ ነው። እናቴ በሕይወት መኖሬን የሰማችው ከመንገደኛ ነው።

ልጄ በፈቃዱ ነው የገባው። ማንም አልጎተተውም። «በፈቃዱ ከገባ ምን ትጠይቃላችሁ?» የሚለን እንደሚኖር አውቃለሁ። በግድ የሄደም በፈቃዱ የሄደም እናት አለው። ይህ በረቂቁ መግቢያ ላይ ይግባልኝ።

ሌላው፣ ነገሩ በአዛዥ ደግነት ላይ አይንጠልጠል። ደግ አዛዥ አለ፣ ግን ይቀየራል። ፈቃድ የተከለከለ ልጅ ምክንያቱና የሚተካለት ጊዜ በጽሑፍ ይሰጠው። ግዳጅ ሲኖር እንደማይለቀቅ እኔም ወታደር ነበርኩና ይገባኛል። መቼ እንደሚለቀቅ ግን ይወቅ።

የሕግ ባለሙያ አባል፣ ከዚራ

ጋሼ ያሉት የጽሑፍ ምላሽ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። እሑድ ዕለት አንዳንዶቻችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅን እንጥቀስ ብለን ነበር። አዋጅ 1156/2011 ለሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለሐዘን 3 ቀን፣ ሚስቱ ለወለደችለት አባት 3 ቀን አለው። ሠራዊቱ ግን በዚህ አዋጅ አይገዛም። የራሱ አዋጅ አለው። «መብታችን ነው» ብለን የማይመለከተንን ከጠቀስን ወረቀቱ ከመጀመሪያው ገጽ ይመለስብናል። ለማነጻጸሪያ ብቻ እናንሳው። መሠረታችን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ይሁን። ቤተሰብ ከኅብረተሰብና ከመንግሥት ጥበቃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የወታደር ቤተሰብም ቤተሰብ ነው።

እናት፣ ገንደ ቆሬ

ልጄ እየጻፈችልኝ ነው። የኔ ነገር የለቅሶ ነው።

ባለቤቴ ጠዋት አረፈ። እኛ ጋ ቀብር አይቆይም፣ ከአስር ሶላት በፊት ቀበርነው። ወንዱ ልጃችን አልደረሰም። ቢበርም አይደርስ። ተዕዚያው፣ ለቅሶ መቀመጡ፣ ሦስት ቀን ነው። እሱ ፈቃድ ሲጠይቅ ቀብሩም ለቅሶውም አልፏል ተባለ። አዎ አልፏል። የሱ ሐዘን ግን መቼ ወጣ? እስከ ዛሬ ስልክ ሲደውል የአባቱን ስም አይጠራም። መጥቶ ከኔና ከእህቶቹ ጋር ቢያለቅስ፣ መቃብሩ ላይ ቆሞ ዱዓ ቢያደርግ ይቀለው ነበር። እባካችሁ ይህን ጻፉልኝ።

አባል፣ ዲፖ

እትዬ፣ አላህ ያጽናዎት። እኛም ጋ ያው ነው። ዛሬ የሞተ ነገ ይቀበራል። ወታደር ለቀብር አይደርስም። ስለዚህ «የቀብር ፈቃድ» ብለን ከጠየቅን የማይሆን ነገር ጠየቅን ማለት ነው። የሐዘን ፈቃድ እስከ አርባ ቀን ድረስ የሚወሰድ ይሁን እንበል። ለክርስቲያኑ ተዝካሩ ላይ መድረስ ነው። ለሙስሊሙም ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ለመጽናናት ጊዜ ይሰጣል። ክፍሉም ቢሆን በዚያው ቀን ልቀቁ አይባልም። ተተኪ አዘጋጅቶ ይለቃል።

የመርዶውን ነገር ደግሞ አንርሳ። እኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ልጆቻችን ግን መሣሪያ ይዘው፣ ብቻቸውን ጥበቃ ላይ ቆመው በስልክ ይሰሙታል። ይህ ያስፈራኛል። ቤተሰብ የሚደውልበት አንድ የታወቀ ስልክ ይኑር። የክፍሉ ሰው ልጁን ከጓደኞቹ ጋር አስቀምጦ ይንገረው።

የዕድር ዳኛ፣ አዲስ ከተማ

የአርባ ቀኑን ሐሳብ እደግፋለሁ። ማስረጃውን ግን እናቅልለው። የወሳኝ ኩነት የሞት ምስክር ወረቀት እስኪወጣ ሐዘንተኛ እዚያና እዚህ ይሮጣል። ፈቃዱን ለማስጀመር የዕድር ማህተም ያለበት ደብዳቤና የቀበሌ ማረጋገጫ ይበቃል ብለን እንጠይቅ። ምስክር ወረቀቱ ኋላ ይያያዛል። ዕድር አይዋሽም። ማን እንደሞተ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ባለትዳር፣ ነምበር ዋን

ልጃችን ስትወለድ አባቷ አልነበረም። እስካሁንም በፎቶ ብቻ ነው የሚያውቃት። የወሊድ ፈቃድ ለአባትም ይግባ፣ እሱም እንደ ሐዘኑ ዘግይቶ የሚወሰድ ይሁን። ስልክን በተመለከተ ደቡብ ኮሪያን አይቻለሁ። እዚያ ውትድርና ግዴታ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወታደሮቹ ከሥራ ሰዓት ውጪ በስልካቸው እንዲጠቀሙ በመደበኛነት ተፈቅዷል። እኛ ያን ያህል አንጠይቅ። ግንባር ላይ ስልክ አደጋ እንዳለው ይገባኛል። በሳምንት አንድ የታወቀ የመደወያ ሰዓት ይበቃናል። አቦ፣ ሴት ልጅ የአባቷን ድምፅ ትልመድ!

አባል፣ መጋላ

የትራንስፖርት ወጪውስ? ፊንላንድም ግዴታ ነው፣ ፈቃድ የወጣ ወታደር ቤቱ ደርሶ የሚመለሰው በነጻ ነው። የኛ ልጅ ደመወዙን አጠራቅሞ ለመኪና ከፍሎ ይጨርሰዋል፣ እጁን አጣጥፎ መግባት ደግሞ ያሳፍረዋል። አንዳንዱ በዚህ ምክንያት ፈቃዱን ይተወዋል። ቢያንስ በባቡሩ ላይ ቅናሽ እንጠይቅ።

የበዓሉን ነገር ለማንሳት ያህል፦ ሙስሊሙ በገናና በጥምቀት ይቁም፣ ክርስቲያኑ በዒድና በአረፋ። ድሬ ያደገ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ያደርገዋል። ተራው ግን በወረቀት ይውጣ።

እናት፣ ሳቢያን

እናንተ ስለ ፈቃድ ታወራላችሁ፣ የኔ ልጅ ስልኩ ከጠፋ ቆየ። እኔ የት ልሂድ?

የማህበሩ ጸሐፊ

እማማ፣ የእርስዎን ጉዳይ ረቂቁ እስኪያልቅ አናቆየውም። ቀይ መስቀል በግጭት ምክንያት የተለያዩ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። የልጁን ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ዘመኑን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁበትን ቀን ይያዙ። እኔ ራሴ አብሬዎት እሄዳለሁ። ነገ ጠዋት ቤትዎ እመጣለሁ።

ወደ ረቂቁ ልመለስ። የተነሳውን ሰብስቤ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«እኛ በድሬዳዋ የምንኖር የሠራዊት አባላት ቤተሰቦች፣ ልጆቻችን ያላቸው ፈቃድ ቤታቸው የሚያደርሳቸው እንዲሆን እንጠይቃለን። የጉዞ ቀን ከፈቃድ ቀን አይቆጠር። የሐዘን ፈቃድ እስከ አርባ ቀን፣ የአባት ፈቃድም ሁኔታው ሲፈቅድ ዘግይቶ ይወሰድ። ለሐዘን ፈቃድ የዕድርና የቀበሌ ደብዳቤ በቅድሚያ ይበቃ። ፈቃድ ሲከለከል ምክንያቱና የሚተካበት ጊዜ በጽሑፍ ይሰጥ። ቤተሰብ አስቸኳይ ነገር የሚያሳውቅበት አንድ ስልክና በሳምንት አንድ የመደወያ ሰዓት ይኑር።»

የጋሼን ቃል ሳልነካ መግቢያው ላይ አስገብቼዋለሁ። የበዓል ተራውንም በአንድ መስመር እጨምራለሁ። የባቡሩን ቅናሽ ግን አውጥቼዋለሁ፣ ለባቡር ድርጅቱ ለብቻው እንጻፍ። ዋናው ለመከላከያ ሚኒስቴር ይሄዳል፣ ግልባጩ ድሬዳዋን ለሚወክሉ የምክር ቤት አባላትና ለእንባ ጠባቂ ተቋም።

አባት፣ ሳቢያን

ጥሩ ነው። «እንጠይቃለን» የሚለው ይቆይ፣ «እንለምናለን» እንዳይሆን።

የዕድር ዳኛ፣ አዲስ ከተማ

ከመፈረሙ በፊት ለሁሉም ይነበብ። አማርኛ የማያነቡ ወላጆች አሉን። ያልገባቸው ነገር ላይ አናስፈርም።

እናት፣ ገንደ ቆሬ

ኦሮምኛውን ልጄ ትገለብጠዋለች። ለሶማሊኛው ጎረቤቴን እጠይቃለሁ፣ የሷም ልጅ እዚያው ነው።

የማህበሩ ጸሐፊ

እግዜር ይስጥልኝ። ሦስቱም እንደደረሱ ፊርማ እንጀምራለን።