ጥቆማ፦ ዝናብ ቤት ሲያውለን ከልጆች ጋር ምን እንሥራ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። ዝናቡ አላባራ ብሎ ልጆቹ ቤቱን ገለባበጡት። 4 እና 7 ዓመታቸው ነው። እነሱም እጃቸውን አስገብተው የሚሠሩት፣ የሚበላ ነገር ጠቁሙኝ እስቲ። ኦቨን የለኝም፣ መጥበሻ ብቻ። ደግሞ የታሸገው የፓንኬክ ዱቄት ይሻላል ወይስ ከባዶ መጀመር?

የመንትዮች እናት፦ የታሸገውን ተይው! እኔ ገዝቼ ልጆቹን ሽርጥ አስታጥቄ በስንት ጉጉት ጀምረን ጎማ ሆኖ አረፈው። ለሻጩ ብነግረው «አሠራርሽ ነው» አይለኝም?! እኔ ነኝ አሠራር የማላውቀው?

ዱቄቴ፦ ቤኪንግ ፓውደሩ እርጥበት ነክቶት ይሆናል። ከሱ ትንሽ ወስደሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሪው፣ ካልተንተከተከ ሞቷል ማለት ነው።

የመንትዮች እናት፦ ከዱቄቱ ጋር ተደባልቆ የታሸገውን እንዴት ለይቼ ልፈትሸው? ደግሞ ቀኑም አላለፈበትም ነበር።

ታማኝ ደንበኛ፦ እኔ የምገዛው ፓኬት ከድቶኝ አያውቅም። ሌላ ቤቴ አይገባም።

ዱቄቴ፦ ከሌላው ጋር አወዳድረኸዋል?

ታማኝ ደንበኛ፦ ምን ልሁን ብዬ?

ጣፋጭ እጅ፦ እህቴ ስፖንጅ ኬክ ሞክሪ። እንቁላሉን ከስኳር ጋር ነጭ እስኪሆን ምቺው፣ ኦቨኑን አስቀድመሽ 180 ዲግሪ ላይ አሙቂው።

ነገረኛው፦ ኦቨን የለኝም አለች እኮ። በመብረቁ ትጋግረው?

አክስት፦ ኧረ ሴትየዋን መልሱላት። ውዴ፣ ከባዶ ጀምሪ፣ ልጆች የሚደሰቱት በማቡካቱ ነው። ለትንሹ የሙዝ ፓንኬክ፦ 1 በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ 2 እንቁላል፣ በቃ። ሙዙን በሹካ ይጨፍልቅ፣ ትልቁ እንቁላሉን ይስበር (ቅርፊቱን መልቀም ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ አንቺም የምትፈልጊው እሱን ነው)። ትንንሽ አድርገሽ ለስለስ ባለ እሳት ጥበሺው። ካሰፋሽው ስትገለብጪው ይበጣጠሳል። ሌላው የመጥበሻ ፒዛ ነው። 1 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ ግማሽ ኩባያ ወፈር ያለ እርጎ። እርሾ ስለሌለው «መቼ ነው የሚነሳው?» እያሉ አይነዘንዙሽም። ሊጡን በስሱ ዳምጠው በደረቅ መጥበሻ ላይ ያድርጉት፣ አንድ ፊቱ ሲበስል ገልብጪው፣ ከላይ የቲማቲም ስጎና አይብ ይነስንሱበት፣ አይቡ እስኪቀልጥ ክደኚው። ሊጡን ግን እንዳይቀምሱ! ጥሬ ዱቄትም ጥሬ እንቁላልም ሆድ ያሳምማል።

ዱቄቴ፦ ፈንዲሻም አለ። የመስታወት ክዳን ካለሽ ሲፈነዳ ይዩት። ፍሬው ውስጥ ያለችው ውሃ ስትግል እንፋሎት ሆና ነው ቅርፊቱን የምትበጥሰው፣ ትልቁ ይወደዋል። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ያንቃል። ትንሹም ቢሆን ቁጭ ብሎ ይብላ።

ዝምተኛው፦ እርጎ ባይኖርስ?

አክስት፦ ውሃና ትንሽ ዘይት ይሆናል። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ውሃውን ቀስ እያልሽ ጨምሪ።

የመንትዮች እናት፦ ያ ሻጭ እኮ ብሬንም አልመለሰልኝም።

ነገረኛው፦ ወይ ጉድ፣ እዚህም እናዋጣ?

ዝምተኛው፦ ጠያቂዋ ግን የት ገባች?

ታማኝ ደንበኛ፦ ፓኬቱን ብትገዛ ኖሮ እስካሁን በልተው ጨርሰው ነበር።